የዘር ፓኬቱ ላይ ያለው «75 ቀን» ከመቼ ጀምሮ ይቆጠራል?

የቲማቲም ዘር ፓኬት ላይ ሰብሉ ለለቀማ እስኪደርስ የሚፈጀውን ጊዜ የሚያሳይ «75 ቀን» የሚል ሲያዩ ብዙዎች ዘሩ አፈር ከገባበት ቀን ይቆጥራሉ። እንደ ቲማቲም፣ ቃሪያና ጥቅል ጎመን በችግኝ ለሚተከሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ችግኙ ወደ ማሳ ከተዛወረበት ዕለት ነው። ችግኙ መደብ ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። 35 ቀን ቢቆይ፣ ከ75ቱ ጋር 110 ቀን ይሆናል። ይህን ሳያሰላ ለደንበኞቹ ሳምንታዊ የአትክልት ድርሻ ቃል የገባ ገበሬ አምስት ሳምንት ቲማቲም አይኖረውም። ካሮት፣ ቀይ ሥርና ፎሶሊያ በቀጥታ ስለሚዘሩ ቁጥራቸው ከዘር ቀን ይጀምራል።

ቁጥሩ የሚነግረን የመጀመሪያውን ለቀማ ብቻ ነው። ቲማቲም ለሳምንታት ይለቀማል፤ ቆስጣም ልቡ ሳይነካ የውጭ ቅጠሉ ከተቆረጠ ደጋግሞ ይሰጣል። ካሮት ግን አንዴ ከተነቀለ አለቀ፤ በየ2 ሳምንቱ ጥቂት መስመር መዝራት ያስፈልጋል።

ቦታም ቀኑን ይለውጣል። 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ሐረር ሌሊቷ ስለሚቀዘቅዝ ሰብሉ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ ይረዝማል። ድሬዳዋ ቆላ ናት፤ ሙቀቱ ሰብሉን ያፋጥነዋል ብሎ መተማመን ግን ያሳስታል። በግንቦትና በሰኔ ሐሩር የቲማቲም አበባ ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል፦ አንገቱ ላይ ያለችው አንጓ ቢጫ ትሆንና ሲነኩት ይወድቃል። ሰላጣም ቶሎ አገዳ ያወጣና ቅጠሉ ይመርራል። ውሃ ካለ፣ ድሬዳዋ ላይ ችግኙን በጥቅምት ማዛወር ይሻላል፤ አበባው ቀዝቀዝ ካሉት ወራት ጋር ይገጥማል።