አፈር ካርቦን ያከማቻል ሲባል ምን ማለት ነው?
ብዙ ሰው ጎተራ የገባ እህል አድርጎ ያስበዋል። እንደዛ አይደለም። አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያና ፈንገሶች አሉ፤ ገለባውን፣ ሥሩን፣ ፍጉን ይበሉታል፣ ከበሉት ካርቦን ብዙው ልክ እንደኛ በትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል፣ የቀረው የገዛ አካላቸው ይሆናል። ሲሞቱ ቅሪታቸው ከሸክላማ አፈር ቅንጣት ጋር ይጣበቃል። ለረጅም ጊዜ ከሚቆየው ካርቦን ትልቅ ድርሻ ያለው እንዲህ የመጣ ነው። ስለዚህ የሚያባክኑትም የሚያስቀሩትም እነሱው ናቸው።

ሞቃትና እርጥብ አገር ላይ ደግሞ የእነዚህ ተህዋሲያን ሥራ ይፈጥናል፤ የወደቀ ቅጠል በወራት ውስጥ ደብዛው ይጠፋል።

እርሻውስ? የጤፍ ማሳን እዩ። ከመዘራቱ በፊት 3፣ 4፣ አንዳንዴም 5 ጊዜ ይታረሳል። በየእርሻው ጓሉ ይሰበራል፣ አየር ይገባል፣ ጓሉ ውስጥ ተሸሽጎ የነበረው ካርቦን ለተህዋሲያኑ ይጋለጣል። ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለምድጃ ይሄዳል። ለአፈሩ ምን ተረፈው? (ገበሬውን መውቀስ አይደለም፣ ማገዶ ከየት ያምጣ?) በደቡብ ግን ከቤት አጠገብ ያለውን የእንሰት ጓሮ ብታዩ፣ ፍግና የቤት ጥራጊ በየጊዜው ስለሚደፋበት አፈሩ ጠቆር ያለና ልም ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ደረቅ ገለባ ብቻውን አፈር ውስጥ ከቀበራችሁ ተህዋሲያኑ የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይሻማሉ፣ ሰብሉም ቢጫ ይሆናል። ከፍግ ወይም ከባቄላ ቅሪት ጋር ቀላቅሉት። ደግሞ አንድ ዓመት ብስባሽ ጨምሮ መተው ብዙም አይጠቅም፤ አዲስ ምግብ ካልመጣላቸው ያለውን መብላታቸውን ይቀጥላሉ።