በመብራት ብቻ ቤት ውስጥ የሚበቅል ኃይለኛ በርበሬ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቶሮንቶ፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ስቶክሆልም በረንዳ ላይ ሚጥሚጣ የተከለ ሰው ችግሩን ያውቀዋል፤ ፍሬው መቅላት ሲጀምር ብርዱ ይደርሳል። ሃባኔሮና ከእሱ የተዳቀሉት ኃይለኞቹ በርበሬዎች ደግሞ ከዘር እስከ ቀይ ፍሬ ከአምስት እስከ ስድስት ወር ስለሚፈልጉ በአጭር በጋ አይደርሱም። መፍትሔው ከቤት ጥግ አንድ ካሬ የማይሞላ ቦታ መስጠትና መብራት መስቀል ነው። ሥራው ከባድ አይደለም። ገንዘብና ጊዜ የሚበላው አብሮት የሚወራው ነው። ከወሬው አብዛኛው የሚመነጨው ደግሞ የማቃጠል ኃይል በመብራት ወይም በማዳበሪያ ይመጣል ከሚል እምነት ነው። ኃይሉ የሚመጣው ከዝርያው ነው፤ የአብቃዩ ድርሻ እንዳይባክን መጠበቅ ነው።

«የሚያቃጥለው የበርበሬው ፍሬ ዘር ነው»

አይደለም። ካፕሳይሲን የሚባለው አቃጣይ ንጥረ ነገር የሚሠራው ዘሩ የተጣበቀበት ነጭ ሥጋ ውስጥ ነው። ዘሩ የሚያቃጥለው ከዚያ ነጭ ሥጋ ጋር ተነካክቶ ስለሚቀባ ነው። አንድ ሃባኔሮ ለሁለት ሰንጥቀው ቢያዩ በነጩ ጅማት ላይ ቢጫ ያዘሉ ጥቃቅን እብጠቶች ይታያሉ፤ ኃይሉ የተጠራቀመው እዚያ ነው። ወጡ እንዳይፋጅ ዘሩን ብቻ አራግፎ ነጩን የሚተው ሰው የደከመው ለከንቱ ነው።

የማቃጠል መጠን የሚለካው ዊልበር ስኮቪል እ.ኤ.አ. በ1912 ባወጣው መለኪያ ነው። ለዘብ ያለው የሜክሲኮ ቃሪያ ሃላፔኞ ከ2,500 እስከ 8,000 ያህል ሲሆን ሃባኔሮ ከ100,000 እስከ 350,000 ይደርሳል። በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ኤድ ከሪ ያዳቀለው ካሮላይና ሪፐር እ.ኤ.አ. በ2013 የዓለም ክብረ ወሰን ሲይዝ አማካዩ 1,569,300 ነበር። ያው ሰው እ.ኤ.አ. በ2023 ፔፐር ኤክስ በተባለው ዝርያ 2,693,000 አስመዝግቧል። ለወጥ ሃባኔሮ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ለውርርድ ነው።

«ድቅል ማለት ጂኑ በላቦራቶሪ የተለወጠ ነው፤ ዘሩም መልሶ አይበቅልም»

ድቅል ማለት የአንዱን ተክል ብናኝ ወስዶ የሌላውን አበባ ሴቴ ክፍል መንካት ነው፤ ይኸው ነው። በዘር ፓኬት ላይ «ኤፍ ዋን» የሚል ካለ የሁለት የተለያዩ ወላጆች የመጀመሪያ ትውልድ መሆኑን ያሳያል። ከእሱ ፍሬ ወስደው ቢዘሩ በደንብ ይበቅላል፤ ግን ልጆቹ አይመሳሰሉም። አንዱ ወደ አያቱ ሄዶ ረጅምና ለዘብ ያለ፣ ሌላው አጭርና እሳት ይሆናል። አንድ ዓይነት ፍሬ የሚፈልግ በየዓመቱ አዲስ ዘር ይግዛ።

በሌላ በኩል ብዙዎቹ ታዋቂ ኃይለኛ በርበሬዎች በድቅል ተጀምረው ለብዙ ትውልድ እየተመረጡ የጸኑ ናቸው። የእነዚህ ዘር ወላጁን ይመስላል፤ በቅድመ ሁኔታ። አጠገባቸው ሌላ በርበሬ ካበበ ዘሩ ሊደባለቅ ይችላል። ለዘር የሚፈልጉትን ቅርንጫፍ ከማበቡ በፊት በስስ ሻሽ ከረጢት ይሸፍኑት፤ ፍሬ ሲይዝ ክር አስረው ምልክት ያድርጉበትና ከረጢቱን ያውልቁ።

«ቃሪያና ሚጥሚጣ ጎን ለጎን ከተተከሉ ቃሪያው ያቃጥላል»

ዘንድሮ የሚበሉት ፍሬ ሥጋ የእናቱ ነው፤ የጎረቤት ብናኝ አይለውጠውም። ልዩነቱ የሚታየው ከዚያ ፍሬ የወጣው ዘር በሚቀጥለው ዓመት ሲዘራ ነው።

«ከሱቅ የተገዛ ደረቅ ሚጥሚጣ አይበቅልም»

ያልተፈጨ፣ በፀሐይ የደረቀና ከሁለት ሦስት ዓመት ያልበለጠው ብዙ ጊዜ ይበቅላል። ተቆልቶ ወይም በኃይለኛ ሙቀት ደርቆ ከሆነ ሞቷል። ከመድከምዎ በፊት አሥር ዘር በረጠበ ሶፍት ጠቅልለው በፕላስቲክ ከረጢት ሙቅ ቦታ ያኑሩ፤ አምስት እንኳ ካቆጠቆጡ ይበቃል። ከአገር ቤት ዘር በሻንጣ ማምጣት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የአውሮፓ ኅብረትም አሜሪካም ለሚዘራ ዘር የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ይጠይቃሉ።

ዘሩ አልበቅል ያለው አብዛኛውን ጊዜ አፈሩ ስለቀዘቀዘ ነው። የክፍሉ ሙቀት 21 ዲግሪ ቢሆንም እርጥብ አፈር ከዚያ በታች ይወርዳል። የሚፈለገው የአፈሩ ሙቀት ከ27 እስከ 30 ነው፤ ለዚህ ቴርሞስታት ያለው ማሞቂያ ምንጣፍ ከሥሩ ይነጠፋል። ጥልቀቱ ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ይሁን። ሚጥሚጣና ተራ ቃሪያ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ ሃባኔሮና ዘመዶቹ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃሉ። በአሥረኛው ቀን ተስፋ ቆርጦ አፈሩን መቆፈር ሊወጣ የነበረውን ሥር መስበር ነው። የመጀመሪያው ቡቃያ ብቅ ባለበት ቀን መብራቱ ይብራ፤ ሁለት ቀን ጨለማ ውስጥ የቆየ ችግኝ እንደ ክር ይመዘዛል፣ ኋላም አይስተካከልም።

«መስኮት ዳር ይበቃዋል፤ ካልበቃው ሐምራዊ መብራት ይገዛለታል»

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይጠፋል። በታኅሣሥ ስቶክሆልም ውስጥ ቀኑ ስድስት ሰዓት ያህል ነው፤ ፀሐይዋም ዝቅ ብላ ነው የምታልፈው። ለዓይን ደማቅ የሚመስል መስኮት ለበርበሬ ረሃብ ነው። ተክሉ አይሞትም፤ ቅጠል ያወጣል፣ ያብባል፣ ከዚያ አበባውን ያራግፋል።

ሐምራዊው መብራት ታዋቂ የሆነው ቀይና ሰማያዊ ዳዮድ ብቻ ርካሽና ውጤታማ በነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ ጥሩ ነጭ ኤልኢዲ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ በነጭ ብርሃን ደግሞ የቅጠል መገርጣትና ተባይ በዓይን ይታያል። በሐምራዊ ሥር ሁሉም ቅጠል ጥቁር ስለሚመስል በሽታው የሚታወቀው ከዘገየ በኋላ ነው።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን «1000 ዋት» አይመኑት። መብራቱ ከሶኬት በትክክል የሚስበውን ዋት ይፈልጉ። ለስድሳ በስድሳ ሴንቲ ሜትር ቦታ በትክክል 100 ዋት የሚስብ ጥሩ ነጭ ኤልኢዲ ይበቃል፤ በቀን 16 ሰዓት ቢበራ 1.6 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በወር 48 ነው። በአካባቢዎ ታሪፍ አባዝተው ወጪውን አስቀድመው ይወቁ።

ብርሃኑ የሚለካው ቅጠሉ ላይ በሚያርፈው መጠን ነው፤ መለኪያው ማይክሮሞል በካሬ ሜትር በሰከንድ ይባላል። ለችግኝ ከ150 እስከ 250፣ ለሚያፈራ ተክል ከ400 እስከ 600 ይበቃል። መሣሪያ ከሌለ የስልክ ሉክስ (የብርሃን ድምቀት) መለኪያ ቅጠሉ ባለበት ከፍታ አስቀምጠው ያገኙትን ለ70 ያካፍሉ፤ 28,000 ሉክስ ወደ 400 ገደማ ነው። ይህ ስሌት የሚሠራው ለነጭ ኤልኢዲ ብቻ ነው። ግንዱ ከተመዘዘና በቅጠል መካከል ያለው ርቀት ከበዛ መብራቱን ዝቅ ያድርጉ፤ የላይኞቹ ቅጠሎች ወደ ላይ ተጠቅልለው ከነጡ ከፍ ያድርጉት።

«ሌሊትም ከበራለት ቶሎ ያድጋል»

በርበሬ ለማበብ የጨለማውን ርዝመት አይቆጥርም፤ ያለ ዕረፍት ብርሃን ግን ቅጠሉን ያጎብጠዋል፣ ያገረጣዋልም። ከ14 እስከ 16 ሰዓት አብርቶ ማጥፋት ነው። ለዚህ የሰዓት ሶኬት ይግዙ፤ በእጅ የሚጠፋ መብራት በሳምንቱ ይረሳል።

«ከጠወለገ ውኃ ጠምቶታል»

አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከወደቀ ሥሩ አየር አጥቶ እየበሰበሰ ነው፤ ሌላ ውኃ ይገድለዋል። አፈሩን በጣት ከመንካት ማሰሮውን አንስቶ መመዘን ይሻላል። ውኃ ጠጥቶ ሲንጠፈጠፍ ያለውን ክብደት እጅዎ ይለምደዋል፤ ግማሽ ያህል ሲቀልል ያጠጡ፣ ሲያጠጡም ከሥር እስኪወጣ ድረስ፣ የወጣውንም ያፍስሱት። በየቀኑ በብርጭቆ ትንሽ ትንሽ ማንጠባጠብ ላዩን ያረጥባል፣ ታችኛውን ሥር ያደርቃል።

ከማሰሮው ሥር ጠጠር መደርደርም ይረዳል ይባላል። አይረዳም፤ ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሸካራ ጠጠር በቀላሉ ስለማይወርድ ከጠጠሩ በላይ ተጠራቅሞ ይቀራል፣ ሥሩም ቦታ ያጣል። የሚያጠነፍፈው ድብልቁ ነው፦ ስድስት እጅ የኮኮናት ኮይር (የተፈጨ የኮኮናት ልባስ ጭረት)፣ ሦስት እጅ ፐርላይት (በሙቀት ያበጠ ቀላል ነጭ ድንጋይ)፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት። ከጓሮ የተቆፈረ አፈር ማሰሮ ውስጥ እንደ ጡብ ይጠጥራል፣ ትንኝም ይዞ ይገባል። ችግኙን ከግማሽ ሊትር ወደ ሦስት ሊትር፣ ከዚያ ወደ 11 ሊትር ያዛውሩት። ለትንሿ ሚጥሚጣ አምስት ሊትር ይበቃል። ከመነሻው ትልቅ ማሰሮ ውስጥ የተተከለ ሕፃን ችግኝ ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ለሳምንታት ጨቅይቶ ይቆያል።

«ማዳበሪያ በበዛ ቁጥር ፍሬው ይበዛል»

ናይትሮጅን ሲበዛ የሚበዛው ቅጠል ነው። ጥቁር አረንጓዴ፣ ሰፊ ቅጠል ያለው፣ ያማረና ፍሬ የሌለው ተክል የዚህ ምልክት ነው። እውነተኛ ቅጠሎች ሁለት ጥንድ እስኪሆኑ ምንም አይስጡ፤ ከዚያ ፓኬቱ ከሚለው ሩቡን፣ ሲያብብ ፖታሲየሙ ከፍ ወዳለ ማዳበሪያ ይቀይሩ፤ የቲማቲም ማዳበሪያ ለዚህ ይሆናል። የውኃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ6.0 እስከ 6.5 ይሁን። የቅጠል ጫፍ ቡናማ ሆኖ ከደረቀና አፈሩ ላይ ነጭ ጨው ከታየ በንጹሕ ውኃ አጥለቅልቀው ያጠንፍፉ።

የፍሬው ጫፍ ጠቁሮ ሲበሰብስ የእንቁላል ቅርፊት አፈር ላይ የሚበትኑ አሉ። ቅርፊቱ ለመበስበስ ብዙ ወራት ይፈጅበታል። ካልሲየም ፍሬው ጋ የሚደርሰው በውኃ ተሸካሚነት ስለሆነ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ አንዴ አድርቆ አንዴ ማጥለቅለቅ ነው፤ ውኃው ሲስተካከል ቀጣዩ ፍሬ ጤነኛ ይወጣል፣ የጠቆረው ግን አይድንም።

«ንብ በሌለበት ቤት አያፈራም»

የበርበሬ አበባ ወንዴና ሴቴው አንድ ላይ ነው። እኩለ ቀን ገደማ ቅርንጫፉን በጣት መታ መታ ማድረግ፣ ወይም የኤሌክትሪክ ጥርስ ብሩሽ ጀርባ አበባው ግንድ ላይ ሁለት ሰከንድ ማስጠጋት ብናኙን ያራግፋል። ትንሽ ማራገቢያም ይረዳል። ይህ ሁሉ ተደርጎ አበባው ከረገፈ ቴርሞሜትር ይስቀሉ፤ ቀን ከ32 በላይ ወይም ሌሊት ከ15 በታች ከሆነ ብናኙ አይሠራም። ተክሉ ማብቀያ ድንኳን ውስጥ ከሆነ መብራቱ ራሱ ሙቀቱን ይጨምራል።

«ውኃ ከነሱት እሳት ይሆናል»

ትንሽ እውነት አለው። መጠነኛ ጥማት በአንዳንድ ለዘብ ባሉ ዝርያዎች ካፕሳይሲን ሊጨምር ይችላል፤ በኃይለኞቹ ላይ ውጤቱ ወጥ አይደለም፣ የፍሬው ቁጥርና መጠን ግን ይቀንሳል። ሃላፔኞን አስጠምቶ ሃባኔሮ ማድረግ አይቻልም። የበለጠ የሚያቃጥል የሚፈልግ የበለጠ የሚያቃጥል ዘር ይዝራ፣ ፍሬውንም ሳይበስል አይልቀም።

«ቤት ውስጥ ተባይ አይደርስበትም»

ይደርስበታል፤ ሲደርስበት ደግሞ ተባዩን የሚበላ ጠላት የለም፤ ጥንዚዛም ዝናብም የለ። ክሽክሽ ከገበያ በተገዛ አበባ ይገባል፣ በአዲስ ለስላሳ ቅጠል ሥር ይሰፍራል፣ ቅጠሉንም የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይተዋል። ማሞቂያ ያደረቀው አየር ደግሞ ከቅጠል ሥር ድር የምታደራውን፣ ነጥብ የምታክለውን ሸረሪት መሳይ ተባይ ይወዳታል። ቅጠሉ ላይ አሸዋ የተነሰነሰ የሚመስል የነጣ ነጠብጣብ ካዩ ነጭ ወረቀት ከሥሩ ይዘው ቅጠሉን ይምቱት፤ ወረቀቱ ላይ የሚራመድ ነጥብ ካለ እሷው ናት። ተክሉን ሻወር ውስጥ ከሥር ወደ ላይ አጥበው ለተክል የተዘጋጀ ሳሙና ይርጩ፤ መብራቱ በጠፋበት ሰዓት። ሳሙናው እንቁላሏን ስለማይገድል በየአራት አምስት ቀኑ ሦስት ጊዜ ይድገሙት፤ ብዙዎች የሚሸነፉት አንዴ ረጭተው ስለሚተዉ ነው። ከአፈሩ የሚነሱት ጥቃቅን ጥቁር ትንኞች ግን የውኃ መብዛት ምልክት ናቸው፤ አፈሩ ላዩ ይድረቅ፣ ቢጫ ማጣበቂያ ወረቀት ይሰካ።

«አንድ ጊዜ ካፈራ አብቅቷል»

በርበሬ ብርድ ካልገደለው ለዓመታት ይኖራል። ከለቀሙ በኋላ ቅርንጫፎቹን እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይከርክሙ፣ ውኃ ይቀንሱ፤ ሲያቆጠቁጥ ያዛውሩት። ከአዲስ ዘር በጣም ቀድሞ ያብባል።

«እጅን በውኃ ከታጠቡ ይለቃል»

ካፕሳይሲን በውኃ አይሟሟም፤ ውኃ የሚያደርገው ማሰራጨት ነው። እጅን መጀመሪያ በምግብ ዘይት አሽቶ፣ ከዚያ በሳህን ማጠቢያ ሳሙና ማስለቀቅ ነው። አፍ ሲቃጠል ወተት ወይም እርጎ የሚያበርደው በውስጡ ያለው ፕሮቲን ካፕሳይሲኑን ስለሚይዘው ነው። ሃባኔሮና ከዚያ በላይ ያለውን ያለ ናይትሪል ጓንት አይሰንጥቁ፤ በመነጽር ምትክ የዓይን ሌንስ የሚያደርግ ሰው ጓንት ቢያደርግም እንኳ ሌንሱን ከሥራው በፊት ያውልቅ።

ለማድረቅ ፍሬውን ለሁለት ሰንጥቀው ከ55 እስከ 60 ዲግሪ በሚሞቅ ማድረቂያ፣ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ድረስ ያቆዩት። ታጥፎ የሚመለስ ከሆነ ውስጡ እርጥብ ነው፣ በማሰሮ ሲከደን ይሻግታል፤ የሻገተውን ደግሞ መርጦ ማዳን የለም፣ መጣል ነው። ማድረቁም መፍጨቱም በረንዳ ላይ ይሁን፤ አፓርታማ ውስጥ ከተደረገ ጎረቤትም ያስነጥሳል። ፈጪውን ካጠፉ በኋላ ክዳኑን ሳይከፍቱ ዱቄቱ እስኪሰክን አሥር ደቂቃ ይጠብቁ።