ለተማሪ ልጆች የሚሆን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፦ ከመደርደሪያው በፊት ሰዓቱ

አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወደ አንዱ ከሰዓት በኋላ ጎራ ብትሉ ወንበሩ ሁሉ ተይዟል፤ መደርደሪያው ጋ ግን ሰው የለም። ተማሪው የራሱን ደብተር ዘርግቶ ያጠናል። የመጣው ጠረጴዛ፣ መብራትና ጸጥታ ፈልጎ ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነና ቴሌቪዥኑም እዚያው ከሆነ የት ይሂድ?

ለተማሪ ልጆች አገልግሎት ማቀድ የሚጀመረው ከዚህ ነው። ማን ይመጣል? በስንት ሰዓት? ምን ፈልጎ? ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን (ኢፍላ) እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶ፣ ከተልዕኮዎቹ ሁሉ አንደኛ አድርገው ያስቀመጡት ልጆችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ንባብ ማስለመድን ነው።

እኛ ዘንድ ግን እቅድ ሲባል ቀድሞ የሚቆጠረው ሕንጻና መጽሐፍ ነው። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት 1.4 ሚሊዮን መጻሕፍት መያዝ፣ በአንድ ጊዜም ከ2,000 በላይ አንባቢ ማስተናገድ እንዲችል ሆኖ ነው የተሠራው። ደስ ይላል። ነገር ግን የሰባት ዓመት ልጅ ከሰፈሩ ታክሲ ይዞ ብቻውን አራት ኪሎ አይመጣም። ለትንንሾቹ ከስፋት ይልቅ ቅርበት ይበልጣል።

ይህን ቀድሞ የተረዳው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ነው። አሜሪካ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆኖ ሲሠራ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ፈልጎ አጣ። ከዚያ አገሩ ተመለሰና እ.ኤ.አ. በ2003 ሾላ ሰፈር፣ ራሱ በሚኖርበት ቤት የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። እሱ ያቋቋመው ድርጅት በኋላ ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ የጫነ ጋሪ በአህያ እያስጎተተ ወደ ልጆቹ መሄድ ጀመረ። ልጁ ወደ መጽሐፉ መምጣት ካልቻለ መጽሐፉ ይሂድለት ነው ነገሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲኤንኤን ዮሐንስን ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ አድርጎ መረጠው።

ወደ ሰዓቱ እንመለስ። የመንግሥት ሥራ ሰዓት ጠዋት 2:30 ገብቶ 11:30 ላይ ያልቃል። ተማሪው ከትምህርት ቤት የሚወጣው 9:30 አካባቢ ከሆነ፣ በቢሮ ሰዓት ለሚሠራ ቤተ መጻሕፍት የሚቀረው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ መንገዱ ሲቀነስማ ከዚያም ያንሳል። ፈረቃ ባለበት ከተማ ደግሞ የጠዋቱ ፈረቃ ተማሪ ምሳውን በልቶ ከሰዓቱን ሙሉ ነፃ ነው። ስለዚህ የሥራ ሰዓቱ ከአካባቢው ትምህርት ቤቶች ደወል ጋር ተያይቶ ቢወጣ ይሻላል። ቅዳሜን መዝጋት ደግሞ ጨርሶ አይገባኝም።

ዓመቱም የራሱ ወቅት አለው። የ6ኛ፣ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ትልልቆቹ ወንበሩን ይወርሱታል፤ ታናናሾቹ በር ላይ ቆመው ይመለሳሉ። ለነሱ የተለየ ክፍል ባይገኝ እንኳ ምንጣፍ የተነጠፈበት አንድ ጥግ ይበቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይገለበጣል። ትላልቆቹ ይጠፋሉ፤ ትንንሾቹ ዝናቡ ቤት አስቀምጧቸው ይሰለቻሉ። ተረት ለማንበቢያ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ከዚያ ደግሞ በሩ አለ። አንድ ጊዜ የእህቴን ልጅ ይዤ ሄጄ ጥበቃው «መታወቂያ?» አላት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው! የኔን አስይዤ ገባን፤ ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ግን ወደ ቤቷ ነበር። የትምህርት ቤት መታወቂያ ወይም ወላጅ የፈረመበት ፎርም ይበቃል ብሎ መወሰን ገንዘብ አያስወጣም።

መደርደሪያውም በልጅ ቁመት ይሁን። ብዙ ቦታ መጽሐፍ የሚገኘው ርዕሱን ወረቀት ላይ ጽፎ ለሠራተኛው በመስጠት ነው። ልጅ ግን የሚፈልገውን በርዕስ አያውቀውም። ሽፋኑን አይቶ፣ ገለጥ አድርጎ፣ ሥዕሉን ወዶ ነው የሚያነሳው። ፊደል ገና እየቆጠረ ላለ ደግሞ ገጹ ላይ ጥቂት ቃል፣ ፊደሉም ጎላ ያለ መሆን አለበት። ቤቱ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ለሚናገር ልጅ በዚያው ቋንቋ ያስፈልገዋል። በኮንቴይነር የሚመጣው የእንግሊዝኛ እርዳታ ሞልቶ ከታየ ሳይፈሩ መምረጥና መቀነስ ነው፤ ማንም የማያነሳው መጽሐፍ ቦታ ብቻ ይይዛል።

የሚከብደው ውሰት ነው። መጽሐፍ ለልጅ ማዋስ ያስፈራል፤ ይጠፋል፣ ይቀደዳል፣ ወጥ ይፈስበታል። ሠራተኛው የጠፋው በስሙ የሚቆጠርበት ከሆነ አያውስም፣ አልፈርድበትም። መፍትሔው በጀቱ ውስጥ ነው ያለው፦ የልጆች መጽሐፍ እንደ ጠመኔ አላቂ ዕቃ ተብሎ ይያዝ፣ በየዓመቱም የሚተካው ይታሰብለት። ያን ጊዜ ወጥ የነካው መጽሐፍ ሲመለስ ሠራተኛው በሶፍት ጠረግ አድርጎ ወደ ቦታው ይመልሰዋል።