የማሸጋገሪያ ዋጋ ምንድን ነው?

ትልልቅ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች የሚገባቸውን ግብር ይከፍላሉ ወይ የሚል ጥያቄ ሲነሳ ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ሌብነትን ነው፤ የተደበቀ ሒሳብ፣ ሐሰተኛ ደረሰኝ፣ ጉቦ። እሱም አይጠፋም። ትልቁ ገንዘብ ግን የሚወጣው በጠራራ ፀሐይ፣ ኦዲተር ፈርሞበት፣ በእውነተኛ ደረሰኝ ነው። መንገዱ የማሸጋገሪያ ዋጋ ይባላል፤ ባለሙያዎቹ ትራንስፈር ፕራይሲንግ ይሉታል።

ባለቤታቸው አንድ የሆነ እህት ኩባንያዎች እርስ በርስ ሲገበያዩ የሚቆርጡት ዋጋ ማለት ነው። ዋጋው መኖሩ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ፋብሪካው አንድ አገር፣ መደብሩ ሌላ አገር ያለ ድርጅት የግድ ያስፈልገዋል። ችግሩ ሻጩም ገዢውም አንድ ሰው መሆኑ ነው። ገንዘቡ ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ ሲዛወር የሚከራከር የለም።

በቡና እንየው። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ እኔ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። አዲስ አበባ ያለ ላኪ ድርጅት አንድ ኪሎ ቡና ገዝቶ፣ አበጥሮ፣ በጆንያ አድርጎ ጅቡቲ እስኪያደርስ 300 ብር ያወጣል እንበል። ሐምቡርግ ያለ ገዢ በ500 ብር ይወስደዋል። ትርፉ 200 ብር፣ ግብሩ በ30 በመቶ 60 ብር። አሁን ይኸው ድርጅት ግብር እምብዛም በማይጠየቅበት አገር እህት ኩባንያ አለችው። ቡናውን ለእሷ በ320 ብር ይሸጥላታል፤ እሷ ለሐምቡርጉ ገዢ በ500 ትሸጣለች። ኮንቴይነሩ መንገዱን አልቀየረም። እህትየው ቡናውን አላየችውም፣ ሽታውም አልደረሳት። የዞረው ደረሰኙ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ የቀረው ትርፍ 20 ብር፣ ግብሩም 6 ብር። በኪሎ 54 ብር ቀረ። ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ የጫነ አንድ ኮንቴይነር 19,200 ኪሎ ነውና ሲባዛ ከ1 ሚሊዮን 36 ሺህ ብር በላይ ይሆናል። ከአንድ ኮንቴይነር!

ሕግ የለም ወይ? አለ። የእኛው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ም ሆነ የአብዛኞቹ አገሮች ሕግ የተመሠረተው በአንድ መለኪያ ላይ ነው፤ ዝምድና የሌላቸው ሰዎች፣ ባዳ ለባዳ ቢገበያዩ ኖሮ በስንት ይስማሙ ነበር? እህትማማቾቹ ከዚያ ከራቁ ግብር ሰብሳቢው ሒሳቡን አስተካክሎ ማስከፈል ይችላል።

በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። በተግባር ግን የዛምቢያን ነገር ተመልከቱ። የዛምቢያ ገቢዎች ባለሥልጣን ሞፓኒ የተባለው የመዳብ ማዕድን ኩባንያ ስዊዘርላንድ ላለው የግሌንኮር ድርጅት፣ ማለትም ለገዛ ዘመዱ፣ መዳቡን በርካሽ ሸጧል ብሎ ተጨማሪ ግብር ጠየቀ፤ ኩባንያው ይግባኝ አለ። ክርክሩ እ.አ.አ. ከ2006 እስከ 2009 ያሉትን የግብር ዓመታት የሚመለከት ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለባለሥልጣኑ የፈረደው በ2020 ነው። ገንዘቡ ወደ 13 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። ልብ በሉ፣ መዳብ ዋጋው ለንደን ላይ በየዕለቱ የሚወጣ ዕቃ ነው። ማነጻጸሪያው እጅ ላይ እያለ ይህን ያህል ዓመት ፈጀ።

ማነጻጸሪያ የሌለው ነገር ሲመጣስ? ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው፤ የስም፣ የፈጠራ፣ የሶፍትዌር ዋጋ። ስታርባክስ የተባለው የአሜሪካ የቡና መሸጫ ኩባንያ እንግሊዝ ከገባበት ከ1998 ጀምሮ በ14 ዓመት ወደ 3 ቢሊዮን ፓውንድ ሽያጭ አድርጎ የከፈለው የትርፍ ግብር 8.6 ሚሊዮን ፓውንድ ብቻ እንደሆነ በ2012 ይፋ ሆነ። ኩባንያው ሕግ አልጣስኩም፣ እንግሊዝ ውስጥ እየከሰርኩ ነው አለ። የእንግሊዙ ቅርንጫፍ ለስሙና ለአሠራሩ ኔዘርላንድ ለነበረው እህት ድርጅት ይከፍል ነበር፤ ቡናውንም ያገኝ የነበረው ስዊዘርላንድ ባለው ሌላ እህት ድርጅት በኩል፣ ጭማሪ ተደርጎበት ነው። እያንዳንዱ ክፍያ ወጪ ተብሎ ከትርፍ ይቀነስ ነበር። የዚያ ስም ትክክለኛ ዋጋ ስንት ነው? እንደ መዳብ በየዕለቱ ዋጋው የሚወጣበት ገበያ ስለሌለ እርግጠኛ መልስ የለም፤ ጠበቃ ያለው ያሸንፋል።

ስም ገንዘብ መሆኑን እኛ አሳምረን እናውቃለን። ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትሞክር ከዚሁ ስታርባክስ ጋር ተከራክራ በ2007 ነው የተስማማችው። ገበሬው ለስሙ ዋጋ ለማግኘት ያን ሁሉ ሲታገል፣ ትልቁ ኩባንያ ለራሱ ስም ራሱ ዋጋ ቆርጦ ለራሱ ይከፍላል።

የአፕል ደግሞ የባሰ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን እንዳለው የአየርላንዱ ድርጅት በአውሮፓ ካገኘው ትርፍ በ2014 የከፈለው 0.005 በመቶ ነበር፤ ከ1 ሚሊዮን ዩሮ 50 ዩሮ ማለት ነው። ትርፉ የተመደበለት ዋና መሥሪያ ቤት ሠራተኛም ቢሮም አልነበረውም። ክርክሩ ወዲህና ወዲያ ብሎ በመስከረም 2024 የአውሮፓ ከፍተኛው ፍርድ ቤት 13 ቢሊዮን ዩሮ እንዲከፈል ወሰነ።

ስለዚህ ይከፍላሉ ወይ ለሚለው የእኔ መልስ፦ ብዙዎቹ ሕጉ የጠየቃቸውን ይከፍላሉ፤ የሚገባቸውን ግን አይከፍሉም። የደመወዝተኛው ግብር እጁ ሳይደርስ ይቆረጣል። ጉልት ላይ የምትቸረችር እናት ሽንኩርቷን በእህት ኩባንያ በኩል አታዞርም።

በ2021 ከ130 የሚበልጡ አገሮች ትልልቅ ኩባንያዎች የትም ቢሆኑ ቢያንስ 15 በመቶ ይክፈሉ ብለው ተስማምተው ነበር። ይሁንና በ2025 ሰባቱ የበለጸጉ አገሮች የአሜሪካ ኩባንያዎች ከዚሁ ስምምነት ዋና ዋና ደንቦች ነፃ እንዲሆኑ ተስማሙ። ለእኔ የሚሻለው ሌላ መንገድ ነው፤ እህትማማቾቹን እንደ ባዳ መቁጠር ትቶ እንደ አንድ ድርጅት ማየት፣ ጠቅላላ ትርፉንም ሠራተኛው፣ ንብረቱና ሽያጩ ላሉበት አገር በድርሻ ማካፈል። አዲስ ነገር አይደለም፤ የአሜሪካ ክፍላተ ግዛቶች እርስ በርሳቸው የሚካፈሉት በዚህ ዓይነት ቀመር ነው። የአፍሪካ አገሮች ግፊት አድርገው በ2023 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የግብር ስምምነት እንዲዘጋጅ ወስኗል፤ ይህ ቀመር መነሳት ያለበት እዚያ ድርድር ላይ ነው።