ቅዱሳት መጻሕፍትና ብዙ እጆቻቸው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድን ቅዱስ መጽሐፍ ብዙ ሰዎች እንደሠሩት ሲነገር ምእመኑ ይቆጣል፣ ተጠራጣሪው ደስ ይለዋል። ሁለቱም የቸኮሉ ይመስለኛል፤ መጻሕፍቱ ራሳቸው ነገሩን አልደበቁትም።

«ስሙ በርእሱ ላይ ያለው ሰው ሁሉንም ጻፈው»

መዝሙረ ዳዊት ስለተባለ 150ውም መዝሙር የዳዊት ይመስላል። በዕብራይስጡ ግን የዳዊት ስም ያለባቸው 73ቱ ናቸው። ሌሎቹ የአሳፍን፣ የቆሬን ልጆች፣ የሰሎሞንን፣ አንዱም የሙሴን ስም ይዘዋል፤ ስም የሌላቸውም ብዙ ናቸው። በባቢሎን ወንዞች አጠገብ ስለማልቀስ የሚናገረው መዝሙር የሚያስታውሰው ምርኮ የደረሰው ከዳዊት 400 ዓመት ያህል በኋላ ነው። ዳዊት በትንቢት ተናገረው የሚሉ አሉ፤ የዕብራይስጡ ጽሑፍ ግን ባለቤቱን አይጠቅስም። መጽሐፈ ምሳሌ ደግሞ ከዚህም ግልጽ ነው፦ ከምዕራፍ 25 ጀምሮ ያሉትን የሰሎሞን ምሳሌዎች የንጉሥ ሕዝቅያስ ሰዎች እንደቀዷቸው ይነግረናል። ሕዝቅያስ ከሰሎሞን በኋላ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ የነገሠ ነው።

«መጽሐፉ አንድ ጊዜ ተጽፎ አለቀ»

ይህን ለማፍረስ የኤርምያስ ምዕራፍ 36 ይበቃል። ነቢዩ ይናገራል፣ ባሮክ በቀለም ይጽፋል። ጥቅልሉ በንጉሥ ኢዮአቄም ፊት እየተቀደደ እሳት ውስጥ ተጣለ። ሁለቱ እንደገና ጻፉት፤ ያን ጊዜ የቀድሞውን ብቻ አልመለሱም፣ ብዙ ቃል ጨመሩበት። ነገሩ በዚህም አላበቃም። የጥንቱ የግሪክኛ ትርጉም ከተለመደው ዕብራይስጥ በአንድ ስምንተኛ ገደማ ያጥራል፣ የምዕራፎቹም ቅደም ተከተል ይለያል። ይህ የተርጓሚው ቸልተኝነት ነው እንዳይባል፣ ለአጭሩ የሚቀርብ የዕብራይስጥ ቁራጭ በሙት ባሕር አጠገብ ባለው በቁምራን ዋሻ ተገኝቷል። አንድ ነቢይ፣ ሁለት የመጽሐፍ መልክ!

«የአዲስ ኪዳንን መጻሕፍት የመረጠው የኒቅያ ጉባኤ ነው»

አይደለም። የ325ቱ ጉባኤ ካወጣቸው 20 ቀኖናዎች አንዱም የመጻሕፍት ዝርዝር የለውም። 27ቱን ብቻ የዘረዘረው የመጀመሪያው የታወቀ ጽሑፍ የእስክንድርያው ጳጳስ የአትናቴዎስ የ367 መልእክት ነው።

«ብዙ ደራሲ ካለ አማኞች ይደብቁታል»

በሕንድ የተነሣው ሃይማኖት ተከታዮች የሆኑት የሲኮች መጽሐፍ ለዚህ መልስ ነው። በ1604 ጉሩ (የሲኮች መሪና መምህር) አርጃን ሲያሰባስበው፣ ባይ ጉርዳስ ሲጽፈው፣ ከጉሩዎቹ መዝሙር ጎን የሕንዳዊው ባለቅኔ የካቢር እና የሙስሊሙ ሼክ ፈሪድ ግጥሞች ገቡ፤ ያውም በየባለቤቶቻቸው ስም።

«የሰበሰበ ሁሉ ደራሲ ነው»

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእስልምና ትውፊት የነቢዩ ሙሐመድ ጸሐፊ የነበረው ዘይድ ኢብን ሳቢት ቁርኣንን ከተጻፉ ቁርጥራጮችና ከሰዎች ቃል አሰባስቧል። ሙስሊሞች ግን ቃሉ የአላህ ነው ይላሉ፤ የዘይድ ድርሻ መሰብሰብና መጻፍ እንጂ ደራሲነት አልነበረም።