ጭምብል ያጠለቁ ጀግኖች፣ «ክፉ ነን» ባዮቹና ሕጉ

እንደ ፊልም ጀግና ለብሰው፣ ለራሳቸው ስም አውጥተው፣ ከተማ ለከተማ እየዞሩ ሰው እንረዳለን የሚሉ ተራ ሰዎች አሉ። የእውን ሱፐር ሂሮ ይባላሉ። አይበሩም፤ ግድግዳም አይወጡም። ቀን ሥራቸውን ሲሠሩ ይውሉና ማታ ጭምብላቸውን አጥልቀው ይወጣሉ። አንዳንዱ ጎዳና ላይ ለሚያድሩ ካልሲና ውኃ ያድላል። አንዳንዱ መጠጥ ቤቶች ሲዘጉ ጠብ ይገላግላል። ጥቂቶቹ ደግሞ ወንጀለኛ እናሳድዳለን ብለው ይነሳሉ። የሕግ ጣጣው የሚመጣው ከእነዚህ ከኋለኞቹ ነው።

ነገሩ በዋናነት የአሜሪካ ነው። ከ2000ዎቹ አጋማሽ በኋላ በኢንተርኔት ተገናኝተው በቡድን መደራጀት ጀመሩ፤ በ2011 አካባቢ ዜናው ሁሉ ስለ እነሱ ሆነ። (ካልተገለጸ በቀር እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።)

ሐሳቡ ግን ከዚያ ይቀድማል። በ1970ዎቹ ሳንዲዬጎ ውስጥ ካፕቴን ስቲኪ የተባለ፣ ክብደቱ ከ150 ኪሎ የሚያልፍ ሰው ነበር። ሰማያዊ ልብስና ካባ ለብሶ አረጋውያንን የሚያንገላቱ መጦሪያ ቤቶችንና ደንበኛ የሚያጭበረብሩ መኪና አከራዮችን ያጋልጥ ነበር። በ1979 ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ ጋርዲያን ኤንጅልስ የተባለ ቡድን ተመሠረተ። ጭምብል የለም፤ ቀይ ቆብ ብቻ ነው። ወጣቶቹ የምድር ባቡር ውስጥ እየተዘዋወሩ ተሳፋሪውን ከሌባ ይጠብቃሉ። መሥራቹ ከርቲስ ስሊዋ በአንድ ጊዜ ታዋቂ ሆነ። በ1992 ግን ከመጀመሪያዎቹ ገድሎች አንዳንዶቹ የፈጠራ እንደነበሩ ራሱ ተናገረ። ይህ በፖለቲካ ብዙም የጎዳው አይመስልም፤ በ2021 ለከተማዋ ከንቲባነት የሪፐብሊካን ዕጩ ሆኖ ተወዳድሮ ተሸነፈ።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ሜክሲኳዊው ነው። በሴፕቴምበር 1985 ሜክሲኮ ሲቲን የመታው ርዕደ መሬት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ፤ ከዚያም የሚበዙትን ቤት አልባ አደረገ። ከአደጋው የተረፉት ተከራዮችም ከየቤታቸው ይባረሩ ጀመር። በ1987 ሱፐርባሪዮ ጎሜዝ ብቅ አለ። ቀይ ጠባብ ልብስ፣ ቢጫ ካባ፣ ደረቱ ላይ ሁለት ፊደል፣ ፊቱ ላይ የሉቻ ሊብሬ (የሜክሲኮ የትርዒት ትግል) ታጋዮች የሚያጠልቁት ጭምብል። ማንንም አይደበድብም። ተከራይ ሊባረር ነው ሲባል ይደርሳል። የሰፈሩ ሰው ይሰበሰባል፤ በሩን ይዘጋል። ዕቃ ሊያወጡ የመጡት ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።

ብቻውንም አልነበረም። ከኋላው የተደራጀ የነዋሪዎች ማኅበር ነበረ። ባለሥልጣን ቢሮ ገብቶ ሲደራደር እንኳ ጭምብሉን አያወልቅም። ማን እንደሆነ ካልታወቀ ለብቻው ጠርቶ ጉቦ ማቅመስም ሆነ ማስፈራራት አይመችም። ትርዒቱ ውስጥ የክፉውን ቦታ የያዘው ደግሞ ሆዳም ቤት አከራይ ነበር። በ1996 ጭራሽ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት እወዳደራለሁ ብሎ የምርጫ ቅስቀሳ ጀመረ። ቀልዱ ገብቷቸው የሳቁት ብዙ ናቸው።

የአሜሪካኖቹ መንገድ ሌላ ነው። እዚያ ጀግናው ብዙውን ጊዜ ብቻውን ነው፤ ቢበዛ ሦስትና አራት ጓደኞች አሉት። የመጣበት ሰፈርም የላከው ማኅበርም የለም። ፊኒክስ ጆንስን ያየ ይህን ይረዳል።

ፊኒክስ ጆንስ የብዙ ሐበሻ መኖሪያ በሆነችው በሲያትል የታወቀ ሰው ነው። ቦክስና ትግል በተቀላቀለበት ውድድር የሚፋለም ስፖርተኛ ነበር። ጥቁርና ወርቅማ ልብስ ይለብስ ነበር፤ ጥይት የማይበሳው ሰደርያም ነበረው። እሱ እንደሚለው ነገሩ የጀመረው መኪናው ተሰብሮ ልጁ በመስታወቱ ስባሪ ሲቆረጥ ነው። ከዚያ ሬይን ሲቲ ሱፐር ሂሮ ሙቭመንት የሚባል ቡድን አቋቋመ።

ኦክቶበር 9 ቀን 2011፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከአንድ ክለብ የወጡ ሰዎች መንገድ ላይ ሲተረማመሱ አየ። አብሮት ካሜራ የያዘ ሰው ነበር። በቪዲዮው ላይ ጆንስ እየሮጠ መሀላቸው ሲገባና ፔፐር ስፕሬይ (ዓይን የሚያቃጥል ርጭት) ሲረጭ ይታያል። አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ ትቀጠቅጠዋለች። እሱ እየተደባደቡ ነበር፣ ገላገልኩ ይላል። እነሱ ደግሞ ከመሬት ተነስቶ ነው የረጨብን አሉ። ፖሊስ መጣና ካቴናው የገባው በጀግናው እጅ ላይ ሆነ። በድብደባ ተጠርጥሮ ታሰረ፤ በዋስ ወጣ።

ከአራት ቀን በኋላ ፍርድ ቤት ቀረበ። ከልብሱ ላይ ሸሚዝ ደርቦ፣ ጭምብሉን አጥልቆ ነበር የመጣው። አውልቅ ተባለ፤ አወለቀ። ቤን ፎደር የሚባል፣ እንደ ማንኛውም የሲያትል ነዋሪ የሆነ ወጣት አባት ነው። ውጭ ለሚጠብቁት ጋዜጠኞችም ስሙን ራሱ ነገራቸው። እንግዲህ ያ ሁሉ ምስጢር በአንድ የችሎት ቀጠሮ አለቀ። በኖቬምበር የከተማዋ ዐቃቤ ሕግ ክስ አልመሠረትም አለ። ክስተቱን በማስረጃ ለማስረዳት ይቸግር ነበር፤ ተረጨብን ያሉትም መተባበር አልፈለጉም። ዐቃቤ ሕጉ ግን በነጻ ሲለቀው አላወደሰውም፤ መንገድ የሳተ ሰው ነው ብሎ ነው የሸኘው። ፎደር ከዚያ በፊት አካል ጉዳት ካለባቸው ሰዎች ጋር ይሠራ ነበር። መታሰሩ ያንን ሥራ አሳጣው።

እዚህ ላይ ነው ክፉዎቹ የሚመጡት። በ2012 ሬክስ ቬልቬት የሚባል ሰው ሲያትል ውስጥ ተነሳ። የተጠቀለለ ጢም፣ አንድ ዓይኑን የሸፈነ ጥቁር ጨርቅ፣ ያማረ ሱፍ ልብስ። ቪዲዮ እየሠራ ጆንስን ይገዳደራል፣ ሙድ ይይዝበታል። በነገሩ ላይ ደግሞ ቪዲዮው ከጀግናው የተሻለ የተሠራ ነበር። ከእሱ በፊትም በኢንተርኔት ራሳቸውን የእውን ዓለም ክፉዎች ብለው የሚጠሩ ነበሩ። የአንዱ ቡድን ስም በእንግሊዝኛ በአጭሩ ሲጻፍ «በረሮ» የሚል ቃል ይወጣዋል።

ኒውዮርክ ውስጥ ደግሞ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ቴሪፊካ የምትባል ሴት ነበረች። ካባዋን ለብሳ መጠጥ ቤት ትገባና የሰከሩ ሴቶችን ከማያውቁት ወንድ ጋር እንዳይሄዱ ትመክራለች፤ በሰላም ቤታቸው እንዲገቡ ታደርጋለች። ሴት አሳዳጅ ነኝ የሚል፣ ፋንታስቲኮ በሚል ስም ቬልቬት ለብሶ የሚዞር ሰው ባላንጣዋ ሆነ። እቅዴን አበላሸችብኝ ብሎ በአደባባይ ያማርር ነበር። እዚህ ላይ የማን ደጋፊ እንደሆንኩ መናገር አያስፈልገኝም።

እነዚህ ክፉ ነን ባዮች ባንክ አይዘርፉም። አብዛኞቹ የሚሠሩት ትችት ነው። ማን ሾማችሁ? ሥልጠናችሁ የታለ? ስትሳሳቱ ማን ይጠይቃችኋል? ሰው ለመርዳት ካሜራ ምን ያደርጋል? ጥያቄዎቹ ፖሊሶች ከሚጠይቁት ብዙም አይለዩም፤ ጢም ተጨምሮባቸው ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥትም በንግግር ነጻነት ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ ፍርድ ቤት የሚመላለሰው ጀግናው ነው፤ ክፉው ቤቱ ቁጭ ብሎ ቪዲዮ ያቀናብራል።

ሕጉን ስናይ መጀመሪያ የሚመጣው ጭምብሉ ነው። የኒውዮርክ ግዛት በ1845 ፊትን ሸፍኖ መሰብሰብን የሚከለክል ሕግ አወጣች። ምክንያቱ ጭሰኞች ነበሩ። ሰፋፊ መሬት ለያዙ ባለርስቶች ኪራይ አንከፍልም ያሉ ገበሬዎች የቺት ቀሚስና ጭምብል አድርገው፣ የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎችን መስለው ሊያስገድዷቸው የሚመጡትን ሹማምንት ያባርሩ ነበር። ሕጉ ከዚያ በኋላ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ኖሮ በ2020 ተሻረ፤ በኮሮና ምክንያት ማስክ አድርጉ እየተባለ ማስክ መከልከል አልሆነም። ጆርጂያ በ1951 ያወጣችው ደግሞ ያነጣጠረው ጭምብል አጥልቆ ጥቁሮችን ያሸብር በነበረው የነጮች ቡድን፣ በኩ ክላክስ ክላን ላይ ነው። ለበዓል አልባሳት፣ ለቲያትርና ለስፖርት ይፈቅዳል። ሰው ሁሉ እንዲህ በሚለብስበት በሃሎዊን በዓል ማታ የለበሰ ጀግና ማንም አይነካውም ማለት ነው። በማግስቱ ግን ያው ልብስ ጥያቄ ሊያስነሳበት ይችላል።

ሁለተኛው መያዝ ነው። ተራ ሰው ወንጀለኛ የመያዝ መብት በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች አለ፤ ወሰኑ ግን እንደየግዛቱ ነው። ወንጀል ያልፈጸመን ሰው ይዞ ያሰረ ራሱ ተከሳሽ ይሆናል። ልብሱ ለመብቱ የሚጨምረው ነገር የለም። ይህ መብት ያለ ገደብ ሲተረጎም ምን እንደሚያመጣ በ2020 ጆርጂያ ውስጥ ታየ። አህመድ አርበሪ የሚባል ጥቁር ወጣት እየሮጠ ሳለ ሦስት ነጮች በመኪና አሳድደው ገደሉት። ሌባ መስሎን ልንይዘው ነው አሉ። በነፍስ ግድያ ተፈረደባቸው፤ ግዛቷም ከ1863 ጀምሮ የቆየውን ሕግ በ2021 ሻረች። አርበሪን ያሳደዱት ጭምብልም ካባም አልነበራቸውም። እኛ የሰፈሩ ጠባቂ ነን የሚለው ስሜት ግን ነበራቸው፤ የጀግኖቹን ልምድ የሚከታተሉ የሕግ ሰዎች የሚፈሩትም ይህንኑ ስሜት ነው።

ለአገራችን አንባቢም ጉዳዩ እንግዳ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 50 እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው ማንም ግለሰብ ያለ ትእዛዝ እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ ወንጀሉ ቢያንስ የሦስት ወር ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን ነው። የያዘውም ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። «ሌባ! ሌባ!» ተብሎ የሰፈር ሰው የሚያባርረውም እዚሁ ውስጥ ይገባል። ሕጉ ያዙት ይላል እንጂ ደብድቡት አይልም። ይህቺ ልዩነት መርካቶም ሲያትልም ትረሳለች።

ሦስተኛው ምስክርነት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1921 በሰጠው ውሳኔ፣ ሕገ መንግሥቱ በፍተሻ ላይ የጣለው ገደብ የሚያስረው መንግሥትን እንጂ ግለሰብን አይደለም። ስለዚህ ጀግናው ለፖሊስ የሚያስረክበው ነገር ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ጀግናው ራሱ ግን መመስከር አለበት። ተከሳሽ የመሰከረበትን ሰው ፊት ለፊት የመጠየቅ መብት አለው። «እኔ ማንነቴን አልገልጽም» ያለ ጀግና ታዲያ ሌባ ይዞም ሌባውን ሊያስፈርድበት ይቸገራል።

ሕጉ ራሱ ጀግናው ወዳለበት የሄደበት ጊዜም አለ። በ2003 እንግሊዝ ውስጥ አንግል ግራይንደር ማን የሚባል ሰው ብቅ አለ። ያለ አግባብ የቆመ ነው ተብሎ ጎማው በብረት የታሰረበትን መኪና በግራይንደር ቆርጦ በነጻ ያስለቅቃል። የሰው ብረት መቁረጥ ንብረት ማበላሸት ነውና በሕግ ያስጠይቃል። በ2012 ግን በግል ቦታ ላይ የመኪና ጎማ ማሰር በእንግሊዝና በዌልስ ተከለከለ። የከለከለው ፓርላማው ነው፤ የብዙ ሾፌር ቅሬታ ተጠራቅሞ።

የሲያትሉ ቡድን በ2014 ፈረሰ። በ2020 ፎደር ሲቪል ለለበሰ ፖሊስ አደንዛዥ ዕፅ ሸጠ ተብሎ ክስ ተመሠረተበት። ካልሲ የሚያድሉት ግን አሁንም አሉ፤ ዜና አይሆኑም እንጂ።

ቶኪዮ ውስጥ አንድ አረንጓዴ ልብስ የለበሰ ሰው ሊፍት በሌለው የባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ ቆሞ የሕፃናት ጋሪ ይሸከም ነበር። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ደግሞ ከ2012 ጀምሮ ፔአቶኒቶ አለ። የእግረኛ ጀግና ነው፤ ካባው ጥቁርና ነጭ፣ ልክ እንደ ዜብራ። መሻገሪያው ላይ የቆመን መኪና በእጁ ወደ ኋላ ይገፋል። የእግረኛ መንገድ ዘግቶ የቆመ ካገኘ በላዩ ላይ ተራምዶ ያልፋል። ሾፌሩ ፖሊስ ቢጠራ መጀመሪያ የሚጠየቀው መኪናውን እዚያ ያቆመው ራሱ ነው።