ክፉዎች ሲከናወንላቸው በእግዚአብሔር መታመን ምንድን ነው?

በእግዚአብሔር መታመን ማለት፣ ግፈኛ ሲበለጽግና የዋህ ሲጎዳ እያየን፣ ክፋቱን ክፋት ከማለት ሳንመለስ፣ እግዚአብሔርም እውነተኛ ፈራጅ መሆኑን ሳንክድ፣ «እስከ መቼ?» የሚለውን ጥያቄ ወደ እርሱ ወደ እግዚአብሔር ይዞ መቅረብ ነው። «ዝም ብለህ ቻለው» ከሚለው ምክር ጋር ግን አንድ አይደለም፤ ያ ምክር ለተበዳዩ ሁለተኛ በደል ይሆንበታል።

ጥያቄውን በግልጽ ካነሡት መካከል የአሳፍ መዝሙር ይገኛል፤ በእኛ ዳዊት 72ኛው፣ በዕብራይስጡ አቆጣጠር 73ኛው ሲሆን፣ ዳዊትን በየዕለቱ ከፋፍለው የሚደግሙ ምእመናን ረቡዕ ረቡዕ ያገኙታል። አሳፍ እግሩ ሊሰናከል ጥቂት የቀረው በኃጢአተኞች ሰላም ስለ ቀና ነበር። እነርሱ ሰውነታቸው ደልቦ፣ ሀብታቸው በዝቶ እግዚአብሔር አያውቅም ሲሉ፣ እርሱ ልቡን ያነጻው በከንቱ መሰለው። ነገሩ የገባው ወደ መቅደስ ገብቶ ፍጻሜያቸውን ባስተዋለ ጊዜ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በዚያች ሰዓት ከመቅደሱ ውጭ ስለ ተለወጠ ነገር መዝሙሩ አንዳች አይናገርም፤ ክፉዎቹ እንደ በለጸጉ ናቸው፣ አሳፍም እንደ ተቸገረ ነው። የተለወጠው፣ ዛሬን በዛሬ መለካቱን ትቶ፣ ቀኝ እጁን የያዘውን አምላክ ማወቁ ነው።

ደሴ ይህን ጥያቄ በራሷ ላይ አይታዋለች። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣልያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም፤ በሚያዝያም ወራሪው ጦር ገብቶ ተቀመጠ። በ1930 ከጦሳ ተራራ ሥር ቆሞ ከተማዋን የተመለከተ ሰው ግፍ ያሸነፈ ቢመስለው አይፈረድበትም፤ ጣልያን በሚያዝያ 1933 እንደሚወጣ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውምና። ይሁን እንጂ በቦምቡ የሞቱት 1933ን አላዩም። ስለዚህ መታመን «ቆይ፣ ግፈኛው ሲወድቅ ታያለህ» በሚል ተስፋ ላይ ብቻ ሊቆም አይችልም፤ ክርስቲያን ትንሣኤ ሙታንንና የመጨረሻውን ፍርድ አጥብቆ የሚይዘው፣ የሞተውም ተበዳይ ፍትሕ ሊያገኝ ስለሚገባው ነው። ሙስሊሙ ጎረቤታችንም በቁርኣን፣ በሱረቱ ኢብራሂም 42ኛው አንቀጽ፣ አላህ ከበደለኞች ሥራ ዘንጊ እንዳልሆነና ዓይኖች እስከሚፈጡበት ቀን ድረስ ብቻ እንደሚያቆያቸው ያነባል።

በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አዳርሶ ንብረታቸው የተዘረፈባቸው፣ የቤተሰባቸውን አባል ያጡ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ከእነርሱ አንዱ «እግዚአብሔር የት ነበር?» ቢል፣ እንደ ከሃዲ ሊቆጠር አይገባውም ብዬ አምናለሁ። ኢዮብ ከዚህ የመረረ ቃል ተናግሯል፤ በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው፣ ኃጢአት ብትሠራ ነው እያሉ ለእግዚአብሔር ጠበቃ በሆኑት በሦስቱ ወዳጆቹ ላይ ነው። እነዚያ ወዳጆች መልካም ያደረጉት ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ ነበር።

መታመን ፍትሕን ከመፈለግም አያግድም። በቀልን ለእግዚአብሔር የተወ ሰው ክስ ቢመሠርት፣ ምስክር ቢያቆም፣ ይግባኝ ቢጠይቅ እምነት አጎደለ አይባልም፤ ራሳችሁ አትበቀሉ ብሎ ለሮሜ ሰዎች የጻፈው ጳውሎስ፣ በቂሣርያ በሮማዊው ገዥ በፊስጦስ ፊት በቆመ ጊዜ ጉዳዩን ይግባኝ ብሎ ወደ ቄሣር ወስዶታል።